የልማት ብድር ስምምነትን ራሳችሁ አንብቡ፦ ከማጽደቂያ አዋጁ እስከ መጨረሻው ክፍያ

ዜናው ሁልጊዜ ይመሳሰላል። «የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለእንዲህ ያለው ፕሮጀክት ማስፈጸሚያ የሚውል የብድር ስምምነት አዋጅ አጸደቀ።» ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል። ግማሹ «የልጅ ልጆቻችንን በዕዳ አስያዙ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ወለድ እኮ የለውም፣ ምን ችግር አለው» ይላል። ስምምነቱን ያየው ግን ጥቂት ነው።

ስምምነቱን ማንበብ ደግሞ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አይጠይቅም። ካልኩሌተር፣ ቢቻል ኤክሴል፣ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ይበቃል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል አንድ የብድር ዜና ሲመጣ እኔ የምሄድበት ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ናቸው፤ አካሄዱ ግን ለኬንያም ለዛምቢያም ይሠራል። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ የብድር ውሎች የሚጻፉት በዚያ ስለሆነ።

1. አበዳሪው ማን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። «ከውጭ ተበደርን» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሞጆ–ሐዋሳን ፈጣን መንገድ ውሰዱ። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ መንገድ ነው። ከሞጆ እስከ መቂ ያለውን የአፍሪካ ልማት ባንክ አበደረ። ከመቂ እስከ ባቱ ደቡብ ኮሪያ። ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌ የዓለም ባንክ። ከአርሲ ነገሌ እስከ ሐዋሳ የቻይናው ኤግዚም ባንክ፣ ማለትም የቻይና መንግሥት የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ። ሾፌሩ ልዩነቱን አያውቀውም። ገንዘብ ሚኒስቴር ግን አራት የተለያዩ ውሎች ነው የፈረመው፤ የሚከፍለውም በየውሉ ነው።

አበዳሪዎቹን በሦስት ክምር ክፈሏቸው።

አንደኛው የብዙ አገራት ተቋማት ናቸው፦ የዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) እና መሰሎቻቸው። ለድሃ አገሮች በርካሽ የሚያበድረው የዓለም ባንክ ክንድ ዓለም አቀፉ የልማት ማኅበር ይባላል። ባለሙያዎቹ በአጭሩ «አይዳ» ይሉታል፤ በ1960 ነው የተቋቋመው። የእኛ ደንበኝነት ከእሱም ይቀድማል። በ1950 የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ካበደራቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች ሁለቱን የወሰደችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ለልማት ባንክ።

ሁለተኛው መንግሥታትና የመንግሥት ባንኮቻቸው ናቸው። ቻይና፣ ፈረንሳይ፣ ኮሪያ፣ ሕንድ፣ የሳዑዲና የኩዌት የልማት ፈንዶች እዚህ ይገባሉ።

ሦስተኛው ገበያው ነው። የቦንድ ገዢዎችና የንግድ ባንኮች። ቦንድ ማለት መንግሥት ገንዘብ ለመበደር ለባለሀብቶች የሚሸጠው የዕዳ ሰነድ ነው። እነዚህ ትርፍ ፈልገው የመጡ ናቸው፤ አይደብቁትም።

ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ክፍያ ሲያቅት ማን ይጠብቃል፣ ማን ይደራደራል፣ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል የሚለው በዚህ ክምር ነው የሚወሰነው። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

2. ወረቀቱን አግኙ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 መሠረት አስፈጻሚው የሚፈርማቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የመንግሥት ብድር የራሱ አዋጅ አለው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። በጣም አጭር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቅጠል አይበልጥም፤ የምትፈልጉት ነገር ደግሞ መግቢያው ላይ አለ። አበዳሪው፣ መጠኑ፣ የእፎይታ ጊዜው፣ ጠቅላላ ዘመኑ፣ ወለዱ ወይም የአገልግሎት ክፍያው።

ዝርዝሩ ያለው ዋናው ውል ውስጥ ነው። የዓለም ባንክ ውሎቹን በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። የፕሮጀክቱን ስም ጽፋችሁ ብትፈልጉ የክፍያ ሠንጠረዡ ሳይቀር ይገኛል። የቻይና ባንኮች ውል ግን ብዙውን ጊዜ የምስጢር አንቀጽ አለበት። እዚያ ላይ ከአዋጁ በላይ ለማግኘት መድከም ነው።

አዋጅ የሌለው ብድር ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። በሞዛምቢክ በ2013 እና በ2014 ሦስት የመንግሥት ኩባንያዎች በመንግሥት ዋስትና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደሩ። ለቱና ማጥመጃ ጀልባና ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተባለ። ፓርላማው አላጸደቀውም። ትልቁ ክፍል ተደብቆ ቆይቶ በ2016 ሲወጣ አይኤምኤፍ ድጋፉን አቆመ፣ ገንዘባቸው ወደቀ፣ አገሪቱ ዕዳ መክፈል አቃታት። ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሰው በ2024 ኒው ዮርክ ላይ ጥፋተኛ ተባሉ።

3. አምስት ነገር ጻፉ

ወረቀት ላይ አምስት መስመር አስምሩ።

የመጀመሪያው ምንዛሪው ነው። ዶላር ነው? ዩሮ? ዩዋን? ከአይዳ ጋር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማችሁ «ኤስዲአር» የሚባል መለኪያ ነው። በእጅ የሚያዝ ገንዘብ አይደለም። የአይኤምኤፍ ሒሳብ መያዣ ሲሆን ዋጋው ከዶላር፣ ከዩሮ፣ ከዩዋን፣ ከየንና ከፓውንድ ተቀላቅሎ ይወጣል። ብር እዚያ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው የእፎይታ ጊዜ። ዋናው ገንዘብ የማይከፈልበት ዘመን ማለት ነው። ብዙ ሰው ምንም የማይከፈልበት ይመስለዋል። ወለዱ ወይም የአገልግሎት ክፍያው ግን በእፎይታም ውስጥ ይከፈላል።

ሦስተኛው ጠቅላላ ዘመኑ። «6 ዓመት እፎይታን ጨምሮ በ38 ዓመት» ከተባለ፣ ዋናው ገንዘብ የሚከፈለው በቀሪዎቹ 32 ዓመታት ነው። «ጨምሮ» የምትለዋን ቃል እዩ። ጋዜጦች አንዳንዴ ይዘሏትና 6 እና 38ን ይደምሩታል።

አራተኛው ወለድ። ቋሚ ነው ወይስ ተንሳፋፊ? ተንሳፋፊ ከሆነ ከአንድ የገበያ መለኪያ ጋር ይታሰራል። ድሮ ላይቦር ነበር፤ በ2023 አጋማሽ የዶላሩ ላይቦር ሲቆም ቦታውን ሶፈር የሚባለው ያዘ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲያሳድግ የእኛም ክፍያ ያድጋል ማለት ነው። አይዳ ለመደበኛው ብድር ወለድ አያስከፍልም፤ በኤስዲአር ሲሆን በዓመት 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይይዛል። በዶላር ሲሆን ከዚህ ከፍ ይላል።

አምስተኛው ትንንሾቹ ክፍያዎች ናቸው። ማኔጅመንት ፊ ውሉ እንደጸና አንዴ የሚቆረጥ ነው። ኮሚትመንት ፊ ደግሞ ተፈቅዶ ገና ባልወጣው ገንዘብ ላይ በየዓመቱ ይታሰባል። ኢንሹራንስም የሚጨመርበት ብድር አለ። በመቶኛ ሲታዩ ኢምንት ይመስላሉ። ፕሮጀክቱ ሲጓተት ግን ኮሚትመንት ፊው ዝም ብሎ ይቆጥራል፤ ላልነካነው ገንዘብ እንከፍላለን።

4. አሁን ሒሳቡን ሥሩ

ሦስት ብድሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሁሉም 100 ሚሊዮን ዶላር ናቸው። ለማቅለል በዓመት አንዴ እንደሚከፈል እንቁጠር፤ በእውነቱ ብዙውን ጊዜ በየስድስት ወሩ ነው።

የመጀመሪያው የአይዳ ዓይነት። 38 ዓመት፣ 6 ዓመት እፎይታ፣ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ። ዋናው ገንዘብ ለ32 ይካፈላል። በዓመት 3.125 ሚሊዮን ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው፣ በዓመት 750 ሺህ ዶላር። በ7ኛው ዓመት 3.125 ሚሊዮኑ ይጨመርና ክፍያው 3.875 ሚሊዮን ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቀሪው ዕዳ እየሳሳ ስለሚሄድ ክፍያውም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። በ38ኛው ዓመት 3.15 ሚሊዮን ገደማ ከፍለን እንገላገላለን። ጠቅላላው 116.9 ሚሊዮን ዶላር።

ሁለተኛው ከመንግሥታዊ ባንክ በቅናሽ የሚገኝ ዓይነት ነው። 20 ዓመት፣ 5 ዓመት እፎይታ፣ 2 በመቶ ወለድ እንበል። በእፎይታው በዓመት 2 ሚሊዮን። በ6ኛው ዓመት 6.67 ሚሊዮን ዋና ገንዘብና 2 ሚሊዮን ወለድ፣ በድምሩ 8.67 ሚሊዮን። ጠቅላላው 126 ሚሊዮን ዶላር።

ሦስተኛው የቦንድ ዓይነት። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 የሸጠችውን ዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ በዶላር የተሸጠ ቦንድ) ሁኔታ ልውሰድ፤ 10 ዓመት፣ 6.625 በመቶ። በየዓመቱ 6.625 ሚሊዮን ወለድ። ዋናው ገንዘብ አይነካም። በ10ኛው ዓመት በአንድ ቀን 100 ሚሊዮኑ በሙሉ ከመጨረሻው ወለድ ጋር። ጠቅላላው 166.25 ሚሊዮን ዶላር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጠቅላላውን ያያል። 117፣ 126፣ 166። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ተቀራራቢ ይመስላሉ። እኔ ግን ጠቅላላውን ትቼ ከባዱን ዓመት ነው የማየው። በአይዳው ከባዱ ዓመት 3.9 ሚሊዮን ነው። በሁለተኛው 8.7 ሚሊዮን። በቦንዱ 106.6 ሚሊዮን። አገር በዕዳ የምትወድቀው በ38 ዓመት ድምር አይደለም። በአንድ መጥፎ ዓመት፣ ዶላር በጠፋበት ወር፣ አንድ ትልቅ ክፍያ ሲደርስባት ነው።

ቦንድ የሸጡ አገሮች አብዛኞቹ ያንን ቀን የሚሻገሩት ሌላ ቦንድ በመሸጥ ነው። ኬንያ በ2014 የሸጠችው የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ መክፈያው ሰኔ 2024 ነበር። በየካቲት አዲስ ቦንድ ሸጠች፣ የአሮጌውን አብዛኛውን ክፍል መልሳ ገዛች። አሮጌው 6.875 በመቶ ነበር። አዲሱ 9.75። ተሻገረች፤ በውድ ተሻገረች።

5. ምን ያህሉ ስጦታ ነው?

ከ30 ዓመት በኋላ የሚከፈል 1 ሚሊዮን ዶላር ዛሬ ከሚከፈል 1 ሚሊዮን ጋር እኩል አይከብድም። ይህንን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ አለ። የስጦታ ድርሻ እንበለው። አይኤምኤፍና የዓለም ባንክ በ5 በመቶ ቅናሽ ያሰሉታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ዓመታዊ ክፍያ በ1.05 አካፍሉ፤ ስንተኛ ዓመት እንደሆነ ያን ያህል ጊዜ እየደጋገማችሁ። የ1ኛው ዓመት አንዴ፣ የ7ኛው ሰባት ጊዜ። ኤክሴል ላይ ኤንፒቪ የሚባለው ፎርሙላ በአንድ ጠቅታ ይሠራዋል። የተገኘውን ደምሩ። የዛሬ ዋጋው ያ ነው። ከ100 ላይ ቀንሱት። የቀረው የስጦታ ድርሻ ነው።

ከላይ ያለው የአይዳ ብድር የዛሬ ዋጋው 46 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ 54 በመቶ ያህሉ እንደ ስጦታ ይቆጠራል። ሁለተኛው 27 በመቶ ገደማ ይመጣል። ቦንዱ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ 12.5 በመቶ አሉታዊ። አይዳ አሁን አሁን ለአንዳንድ አገሮች የሚሰጠው የ50 ዓመት ብድር አለ፤ 10 ዓመት እፎይታ ያለው፣ ወለድም የአገልግሎት ክፍያም የሌለበት። እሱ 74 በመቶ ያህል ይደርሳል።

ድንበሩ 35 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ብድር «የቅናሽ ብድር» ይባላል። ሁለተኛው ብድራችን 2 በመቶ ወለድ ይዞም አላለፈም። የአይኤምኤፍ ፕሮግራም ውስጥ ያለች ድሃ አገር ከ35 በመቶ በታች የሆነ ብድር የመውሰድ መብቷ አብዛኛውን ጊዜ በጣሪያ ይገደባል። ባለሥልጣን ወጥቶ «ርካሽ ብድር አገኘን» ሲል ይህን ቁጥር ሥሩትና እዩት።

6. ብርና ዶላር

ይህ ክፍል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሐምሌ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋውን ለገበያ ለቀቀ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የአይዳውን የ7ኛ ዓመት ክፍያ፣ 3.875 ሚሊዮን ዶላሩን፣ በ57 ብታባዙት 221 ሚሊዮን ብር ነው። በ130 ስታባዙት 504 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ውሉ አልተነካም። ወለዱ አልጨመረም። ከበጀቱ የሚወጣው ብር ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። «ወለድ የሌለው ብድር ነፃ ነው» ለሚል ሰው ይህን ስሌት አሳዩት።

ግን ብሩ የጉዳዩ ግማሽ ነው። መንግሥት ብር በግብር ይሰበስባል። ዶላር ግን ከታክስ አይገኝም። ቡና፣ ወርቅ፣ አበባ፣ የአየር መንገዱ ቲኬት፣ ከዋሽንግተንና ከሪያድ በባንክ የሚላክ ገንዘብ፤ ዶላሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። በባንክ ያልመጣው፣ በሐዋላ ሰው እጅ በጥቁር ገበያ የዞረው፣ ለዕዳ ክፍያ አይደርስም። ስለዚህ የትኛውንም ብድር ስታነብቡ ይህን ጠይቁ፦ ፕሮጀክቱ ዶላር ያስገባል? ወይም ለነዳጅ፣ ለስኳር፣ ለስንዴ የምናወጣውን ዶላር ያስቀራል?

የዩሮቦንዱ ገንዘብ የታሰበው ለስኳር፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክና ለኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ስኳር ወደ ውጭ ልከን ልንከፍል። ቦንዱ ሲያልቅ አገሪቱ ስኳር ከውጭ እየገዛች ነበር።

ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ዶላር አያስገቡም፤ ታዲያ አይበደርባቸው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው ሥራ በ38 ወይም በ50 ዓመት ብድር ወይም በእርዳታ ይሠራ ነው የምለው። በ10 ዓመት ቦንድ ትምህርት ቤት መሥራት ግን ጥፋት ነው።

7. ገንዘቡ እንዴት ይወጣል?

ብድር ተፈረመ ማለት ዶላር መጣ ማለት አይደለም። ውሉ እስኪጸና የሕግ አስተያየት፣ የፓርላማ ማጽደቅ፣ አንዳንዴ አዲስ መመሪያ ወይም የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ይጠበቃል። ከዚያ ሥራው በተሠራ ቁጥር እየተጠየቀ ነው የሚለቀቀው። ብዙ የቻይና ኤግዚም ብድሮች ላይ ገንዘቡ አዲስ አበባን ሳይረግጥ በቀጥታ ወደ ተቋራጩ ይሄዳል። ወለዱ የሚታሰበው በወጣው ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወጥመዱ። የእፎይታው ሰዓት ፕሮጀክቱን አይጠብቅም። በዓለም ባንክ ውሎች ላይ የመጀመሪያው ዋና ክፍያ በቀን ተጽፎ ነው የሚቀመጠው። ወሰን ማስከበር ሁለት ዓመት ወሰደ፣ ካሳ አልተከፈለም፣ ተቋራጩ ተቀየረ፤ ቀኑ ግን ንቅንቅ አይልም።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጥሩ ማሳያ ነው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወጪው በሁለቱ አገሮች 4 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም። በጥቅምት 2016 ተመረቀ። መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በጥር 2018 ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም የብድሩ መክፈያ ዘመን ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋር ስምምነት ተደረሰ። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ገና ወራት መሆኑ ነው። የዕቃ ገቢው እስኪደራጅ፣ ኃይሉ እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህ የማንም አገር ባቡር ባሕርይ ነው። ጥፋቱ በባቡሩ ሳይሆን ረጅም ዕድሜ ባለው ንብረት ላይ አጭር ብድር በመውሰዱ ላይ ነበር።

ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ሁለት ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። ፕሮጀክቱ ገቢ የሚጀምርበት፣ ዋናው ገንዘብ መከፈል የሚጀምርበት። ሁለተኛው ከቀደመ ልዩነቱን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው።

8. ከፋዩ ማን ነው?

ፈራሚው ገንዘብ ሚኒስቴር ቢሆንም ተጠቃሚው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሚኒስቴሩ ተበድሮ ለመብራት ኃይል ወይም ለባቡር ድርጅት መልሶ ያበድራል። ሌላ ጊዜ ድርጅቱ ራሱ ይበደርና መንግሥት ዋስ ይሆናል። እንደ አየር መንገድና ኢትዮ ቴሌኮም ያሉት ደግሞ ያለ ዋስትና በራሳቸው ስም ተበድረዋል።

ገንዘብ ሚኒስቴር በየጊዜው የሚያወጣው የመንግሥት ዕዳ ስታቲስቲክስ ቡሌቲን እነዚህን ለይቶ ያሳያል። እሱን አውርዱ። የማዕከላዊ መንግሥቱን ብቻ አይታችሁ «ዕዳችን ይሄ ነው» አትበሉ፤ ድርጅቱ መክፈል ሲያቅተው ዕዳው ወደ መንግሥት ይመለሳል።

9. አገሪቱ ትችለዋለች?

እስካሁን አንዱን ብድር ነው ያየነው። አሁን ከፍ በሉና ጠቅላላውን እዩ። አይኤምኤፍና የዓለም ባንክ ለድሃ አገሮች የሚጠቀሙበት የዕዳ ዘላቂነት ትንተና አለ፤ ይታተማል። አራት ሚዛን አለው። አቅማቸው ደካማ ለተባሉ አገሮች ድንበሮቹ እነዚህ ናቸው፦ የውጭ ዕዳ የዛሬ ዋጋ ከአገር ውስጥ ምርት 30 በመቶ፣ ከኤክስፖርት 140 በመቶ፤ ዓመታዊ ክፍያ ከኤክስፖርት 10 በመቶ፣ ከመንግሥት ገቢ 14 በመቶ።

ባለሥልጣናት ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ነው። ዕዳችን ከምርታችን አንጻር ትንሽ ነው ይላሉ። ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ምርቱ በአብዛኛው የሚሸጠው በብር ነው። የኢትዮጵያ ቁስል ሁልጊዜ ኤክስፖርቱ ላይ ነበር። ባቡሩ፣ ስኳር ፋብሪካው፣ ፓርኩ በብድር በሚሠራበት ዘመን የሸቀጥ ኤክስፖርቷ ለዓመታት በ3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ተገትሮ ቆመ። በ2018 የዕዳ ስጋቷ «ከፍተኛ» ተብሎ ነበር። በ2024/25 በወርቅና በቡና ምክንያት ኤክስፖርቱ ከ8 ቢሊዮን በላይ መሆኑ ተነገረ፤ ከዕዳ አንጻር ካየነው ከየትኛውም የዕዳ ስረዛ ዜና ያልተናነሰ ዜና ነው።

ከአራቱ አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ ዓመታዊ ክፍያን ከኤክስፖርት ጋር አነጻጽሩ።

10. መክፈል ሲያቅት

በመጀመሪያ ክምር ውስጥ ያሉት፣ የዓለም ባንክና አይኤምኤፍ፣ በልማዱ ዕዳቸው አይሸጋሸግም። ቀድመው ይከፈላሉ። ለዓለም ባንክ አንድ ክፍያ 60 ቀን ካለፈው በአገሪቱ ያሉ ፕሮጀክቶቹ ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ያቆማሉ። ውዝፉ ሳይከፈል አዲስ ነገር የለም። ሱዳን ለዓመታት እዚያ ውስጥ ነበረች። በ2021 የወጣችው አሜሪካ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ድልድይ ብድር (ለአጭር ጊዜ መሻገሪያ የሚሰጥ ብድር) ሰጥታ ውዝፉን ስላስከፈለችላት ነው። ልዩ ዘመቻ ሲኖር ግን እነሱም ይሰርዛሉ፤ በ1996 የተጀመረው የከባድ ባለዕዳ ድሃ አገሮች ፕሮግራም እንዲያ ነበር። ኢትዮጵያ በ2004 ጨርሳ ዕዳዋ ቀለላት።

ሁለተኛውን ክምር በተመለከተ ከ2020 ወዲህ የቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የሚባል አበዳሪ መንግሥታት በአንድ ላይ ዕዳ የሚያሸጋሽጉበት አሠራር አለ። ዛምቢያ፣ ቻድና ኢትዮጵያ በ2021 መጀመሪያ አመለከቱ። የእኛን የአበዳሪዎች ኮሚቴ ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ መሩት። ጦርነቱ መሐል ገባ፣ የአይኤምኤፍ ፕሮግራም ዘገየ፣ ሒደቱ ተንጠለጠለ። በሐምሌ 2024 አይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ካጸደቀ በኋላ ነው የተንቀሳቀሰው። በመጋቢት 2025 በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ በመርህ ደረጃ ተስማሙ። ከ2.5 ቢሊዮን በላይ እፎይታ ተባለ። በሐምሌ 2025 የመግባቢያ ሰነዱ ተፈረመ።

«እፎይታ» ሲባል «ስረዛ» ብላችሁ እንዳታነቡት። ሽግሽግ ሦስት መንገድ አለው፤ ዋናውን ገንዘብ መቁረጥ፣ ዘመኑን ማራዘም፣ ወለዱን መቀነስ። መንግሥታት፣ በተለይ ቻይና፣ መቁረጥ አይወዱም። የሚያገኙት አገሮች በአብዛኛው የሚያገኙት ማራዘም ነው። በፕሮግራሙ ዓመታት ሳይከፈል የቀረ 2.5 ቢሊዮን የሚከፈልበት ቀን ወደፊት ተገፋ እንጂ ጠፋ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ክምር የራሱ ጠረጴዛ አለው። በታኅሣሥ 2023 ኢትዮጵያ ለቦንድ ገዢዎቹ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የ14 ቀን መጠበቂያው በ25 አለፈ፤ ከዛምቢያና ከጋና ቀጥላ ያልከፈለች ተባለች። መንግሥት ያለው ምክንያት አበዳሪዎችን እኩል ለማየት ነው የሚል ነበር። ይህ ሰበብ ብቻ አይደለም። የጋራ ማዕቀፉ ደንብ አለው። ለመንግሥታቱ የጠየቅኸውን ያህል ከቦንድ ገዢውም መጠየቅ አለብህ። ቻይና ዕዳዋን ገፍታ ገንዘቡ ለለንደን ባለሀብት እንዲከፈል አትፈልግም። ቦንድ ገዢዎቹ ደግሞ «ኤክስፖርታችሁ አድጓል፣ መክፈል ትችላላችሁ» ይሉ ነበር። ድርድሩ የተጓተተው በዚህ መሐል ነው።

የሽግሽግ ዜና ስታነብቡ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ አዲሱ የመጀመሪያ ክፍያ ቀን፣ አዲሱ ወለድ፣ የተቆረጠ ዋና ገንዘብ ካለ መጠኑ። የመግባቢያ ሰነዱ ጥቅል ነው። ከእያንዳንዱ አበዳሪ መንግሥት ጋር ደግሞ ለብቻ ውል ይፈረማል፤ ትክክለኛዎቹ ቀኖች የሚገኙት እነዚያ ላይ ነው። አሮጌውን ሠንጠረዥ አትሰርዙት። አዲሱን አጠገቡ ሥሩና ከባዱ ዓመት ከየት ወደ የት እንደተዛወረ እዩ።